የወንድሜ ሱሪ

ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ ኮኪት

ይህን መጻፍ አሳፍሮኝ ነበር። ዛሬ አባባን ከሞተር ጣልኳቸው።

አባባ ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ወባ የያዛቸው የእርሻ ሠራተኞች ጋ በሞተር የሚያደርሳቸው ወንድሜ ነበር። እሱን ለብሔራዊ ውትድርና ወሰዱት፤ ተራው የእኔ ሆነ።

አባባን አፈናጥጬ ሰሊጡ ማሳ ዳር ስንደርስ የቀሚሴ ጫፍ የሞተሩ ሰንሰለት፣ ካቴናው ውስጥ ገባ። ደንግጬ የፊቱን ፍሬን ጨመደድኩት። ሁለታችንም ወደቅን። የጋለው የጭስ ማውጫ፣ ማርሚታው፣ ባቴን ጠበሰው። አጫጆቹ ሳቁ። አንዱ ጎጃሜ፣ «እሜቴ፣ በቅሎዋ አልተገራችም እንዴ?» አለኝ።

አባባ እኔን ሳያዩ ሞተሩን አነሱ። «የኋላውን ፍሬን፣ በእግርሽ፣ ቀስ ብለሽ አላልኩሽም? ወንድምሽ አንድ ቀን አልጣለኝም» አሉ።

እሱ ቀሚስ አይለብስም ነበር ልላቸው አማረኝ።

የወንድሜ ሱሪ እናቴ ሳጥን ውስጥ ነው። አጥባ አጣጥፋ አስቀምጣዋለች። ባለፈው ስጠይቃት፣ «የሚወረሰው የሞተ ሰው ልብስ ነው! ልጄ ይመጣል» ብላ ጮኸችብኝ።

እኔስ ልጇ አይደለሁም?

ነገ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሳጥኑን እከፍታለሁ። ሱሪውን እለብሳለሁ፤ ብታለቅስም አላወልቀውም።