መኪናን በግምገማ ላከሙት ኃላፊያችን

ለክቡር የአምቡላንስ ስምሪት ኃላፊ
ደሴ

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ለአፍታ የማይለዩት ያ ለስላሳ ወንበርዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለሁ። ባለቤቴ ወርቅነሽ ግን ባለፈው ጥቅምት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሆስፒታል ስትመጣ፣ እርስዎ በሚያሰማሩት አሮጌ አምቡላንስ ውስጥ ሐረጎ ዳገት ላይ ቆማ ስለዘገየች፣ ለሰላምታዎ መልስ ለመስጠት አልቻለችም። ይቅርታ ያድርጉላት።

ይህን የምጽፈው ሥራ ላስፈታዎ ብዬ አይደለም። ሾፌሩን ሱሌማንን "የወይዘሮ ወርቅነሽን ሕይወት ለኅልፈት ዳርጓል" ብለው ማሰናበትዎን ሰማሁ። ሟቿ የእኔ ሚስት ስለሆነች፣ በእሷ ስም ሰው ከእንጀራው ሲፈናቀል ማን ፈቀደ ብሎ መጠየቅ ያለብኝ እኔ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ አስቀድሜ ምስጋናዬን በተራ አቀርብና፣ በመጨረሻ አንዲት ነገር እለምንዎታለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራው ዘዴ አመሰግናለሁ። ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ የባትሪ መብራት ሞተሩ ተነሥቶም አልጠፋ ስትል፣ ሱሌማን "አለቃ፣ ዲናሞው አይሞላም፣ ይታይልኝ" ብሎ አመለከተ። ሌላ ሰው ቢሆን መካኒክ ይጠራ ነበር፤ እርስዎ ስብሰባ ጠሩ። እንደተነገረኝ ግምገማው ከጠዋት እስከ ምሳ ፈጅቶ፣ መብራቷ ያልጠፋችው የሾፌሩ የሥራ ተነሳሽነት ስለቀነሰ መሆኑ ተደረሰበት። ራሱን ሳይሄስ ከአዳራሹ የሚወጣ እንደሌለ ሱሌማን ያውቃል፤ ከልጆቹ ጋር ምሳ መብላትም ፈልጎ ነበር። ተነሥቶ "ባትሪውን ያደከምሁት እኔ ነኝ፤ ወደፊት አሻሽላለሁ" አለ። ተጨበጨበለት። ያቺ ንግግር ዛሬ ከስንብት ደብዳቤው ላይ ማስረጃ ሆና ሰፍራለች። የብረት ሕመም በሰው ኑዛዜ ሲታወቅ በዓለም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርምና፣ ለአገራችን ያስገኙት ክብር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ አዲሱ ባትሪ። እኔ ስለ መኪና የማውቀው በር መክፈትና መዝጋት ነው። ያስረዱኝ ሁሉ እንደሚሉት ግን ባትሪው እንስራ፣ ዲናሞው ምንጭ ነው፤ ሞተሩ ሲሠራ ምንጩ ይፈልቃል፣ እንስራውም ይሞላል። ምንጩ ከደረቀ አዲስ እንስራ ያለው ከሱቅ ይዞት የመጣው ውኃ ብቻ ነው። እርስዎ አዲስ እንስራ ገዙ። ያን ቀን መኪናው እንደ ጎረምሳ ዘሎ ሲነሣ እንደገና ተጨበጨበ። ቀይዋ መብራት አሁንም አለመጥፋቷን ሱሌማን ደፍሮ ቢያነሣ፣ "ሾፌሩን እንዳታዘናጋው" ተብሎ ፕላስተር ተለጠፈባት። አምቡላንሱ ውስጥ ፕላስተር መኖሩ የታወቀው ያን ጊዜ ነው ይላሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ መንገዱ። ወርቅነሽ ኮምቦልቻ እኅቷን ልትጠይቅ ከእኔ ጋር ሄዳ ሳለ ትርፍ አንጀቷ ተነሣባት፤ ባስቸኳይ ደሴ ገብታ ቀዶ ጥገና እንዲደረግላት ታዘዘና ከሰዓት በኋላ ተነሣን። ሐረጎን ስንያያዘው ጉሙ ወረደ። ሱሌማን የፊት መብራቱን አበራ፤ ዝናቡም ሲጀምር መጥረጊያውን አስነሣ። ይህ ሁሉ ከዚያች እንስራ እየተቀዳ መሆኑን እኔ አላውቅም፤ እሱ ያውቃል። መብራቱ ገርጥቶ ገርጥቶ ሻማ አከለ፣ መጥረጊያው መስተዋቱ መሐል ላይ ቀጥ አለ፤ የቤንዚን ሞተር ያለ ኤሌክትሪክ አይሄድምና እሱም ጥቂት አስነጥሶ ዝም አለ። ብንገፋውም አልነሣ አለ። ሱሌማን ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ "ወላሂ እትዬ ወርቄ፣ ተናግሬ ነበር፤ ወላሂ ተናግሬ ነበር" ሲል፣ ወርቅነሽ ከጉልበቴ ላይ ቀና ብላ "አብሽር ሱሌማን፤ እሱም እንደኔ ሆዱን ታሞ ነው፣ ምን ታረገዋለህ?" አለችው። የመጨረሻ ቀልዷ መሆኑን ባውቅ ኖሮ እስቅላት ነበር። እኔ ግን "ዝም በይ፣ አትድከሚ" አልኋት።

ሱሌማን ጋቢውን እያውለበለበ ጉሙ ውስጥ ሮጠ። በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ቆመለትና፣ እንደ እኅቱ አቅፎ ወስዶ ጆንያው ላይ አስተኛት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ "ትንሽ ቀደም ብላችሁ..." ብሎ ጀመረና፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

አራተኛ፣ ከቀብሩ በኋላ ኮሚቴዎ መኪናውን ኮምቦልቻ ጋራዥ አስጎትቶ የባለሙያ ቃል በመቀበሉ አመሰግናለሁ። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። የሱፍ የሚባለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የተውሶ ባትሪ አስገብቶ ሞተሩን አስነሣና መለኪያውን አገናኘ፤ ሞተር ሲሠራ ከፍ ማለት የሚገባው መርፌ ቁልቁል ሄደ። ዲናሞውን ፈትቶም ኤሌክትሪኩን የሚያቀብሉትን፣ ተበልተው ያለቁትን ካርቦኖች መዳፉ ላይ አድርጎ አሳየን። ያዘዝነው ሻይ ገና አልመጣም ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ካርቦኖቹን በአክብሮት ተመልክተው "ይሄ እንግዲህ ቴክኒካዊ ጎኑ ነው፤ ሾፌሩ ግን ቀድሞ አምኗል" አሉ። የሱፍም "እሱስ አምኗል፤ ዲናሞው ነው እንጂ ያላመነው" አላቸው።

ክቡር ሆይ፣ ልመናዬ ይህች ናት። ሱሌማንን ወደ ሥራው ይመልሱልኝ። ይህ ከመሥሪያ ቤቱ ክብር ጋር አልሄድ ካለ፣ ወርቅነሽን ከደብዳቤው ያውጧትና ለማባረሪያው ሌላ ሰበብ ይፈልጉ፤ ሰበብ አጥተው እንደማያውቁ ከተማው ይመሰክራል። እሷ የጎረቤት ድመት ስትባረር እንኳ ወጥታ የምትሟገት ሴት ነበረች። በሕይወት ሳለች ማንንም አላባረረችም፤ ከሞተች በኋላ አያስጀምሩብኝ።

ስብሰባዎ እንዳይጎድል፣ ጭብጨባዎ እንዳይቀዘቅዝ፣ መንገድዎም ሁልጊዜ ጉም የሌለበት እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከተሰጠኝ የማጽናኛ ደብዳቤ ግርጌ ማኅተምዎን አይቼ እጅ የምነሣ፣

ኪዳኑ አግማስ
የወርቅነሽ ባል ("ነበርሁ" ማለቱን ገና አልለመድሁትም)
ደሴ፣ ኅዳር 1997 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለሱሌማን አንብቤለት ነበር። እንዳልልከው ለመነኝ። "ተው ጋሽ ኪዳኑ፣ የልጆች አባት ነው፤ በዚህ ሰበብ ከሥራው ቢያነሡት ልጆቹ ምን ይበላሉ?" አለኝ። ስለ ማን እንደሚናገር ግራ ገባኝና ጠየቅሁት። ስለ እርስዎ ነው።