ስለ አንድ ኩባያ ሻይ እና ስለ ወይዘሮ ቲንዴል መታገድ

ለሰሜን ቀጠና ማረሚያ ቤቶች ዋና ዳይሬክተር
ለክብርት ወይዘሮ ሮዊና ፌንዊክ

ቀን፦ መጋቢት 4 ቀን 2019 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ ጥናታዊ ጽሑፌ ከዲሲፕሊን ክስ ማስረጃነት እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

1. እኔ አመልካች በማረሚያ ቤት ጠባቂዎችና አለቆች ሥራ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት ያጠናሁ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነኝ። በስኬልቢ ማረሚያ ቤት ያየሁትን ባለፈው መስከረም አሳትሜያለሁ። በዚያ ቤት ጠባቂ ከእስረኛ እጅ ምንም እንዳይቀምስ መመሪያ አለ። አንድ እስረኛ እናቱ ከተቀበረች በኋላ ክፍሉን ሰባብሮ ማንንም አላስጠጋ አለ። አንድ ጠባቂ ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ጠበቁ። በመጨረሻ ሰውየው ከስብርባሪው በተረፈችው ማንቆርቆሪያ ሻይ አፍልቶ ሰጣቸው። ቀመሱና "ሦስት ስኳር? አንተ ሰውዬ፣ ልትገድለኝ ነው እንዴ?" አሉት። ሳቀ። ዱላና የራስ ቁር ይዞ እስረኛን በኃይል የሚያስወጣው ቡድን ሳይጠራ ቀረ። መመሪያው ተጥሷል፤ ሥራው ግን ተሠርቷል። የጻፍኩትም ለማመስገን ነው።

2. በጽሑፌ ውስጥ እኚህ ጠባቂ "ፀጉራቸው የሸበተ፣ ጡረታ የተቃረቡ ሴት" ተብለዋል። ማረሚያ ቤቱ ይህ መልክ የሚገጥመው ሰው ፈልጎ ወይዘሮ ኦድሪ ቲንዴልን ከሥራ አገደ። ሆኖም ሰዎቹ እንዳይታወቁ ጾታ፣ ዕድሜና መልክ ሆን ተብሎ መለወጡ በዚያው ገጽ ግርጌ ተጽፏል። ከሳሾቹ እስከ ግርጌው አላነበቡም። እኔ የሰፋሁትን ጭምብል ይዘው ፊት ፍለጋ ወጡ፤ የገጠማቸውንም ሰው ያዙ።

3. ይህንኑ ለምክትል ኃላፊው ለአቶ ኮሊን ሬስትሪክ በስልክ አስረዳሁ። "ዶክተር፣ እሷ ካልሆነች ማን እንደሆነ ንገረንና፤ ወዲያው እንለቃታለን። አንድ ስም ጣል ማድረግ ምን ያስጨንቅሃል?" አሉኝ። እምቢ ስል፣ ለጥናቴ በማረሚያ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የምዘዋወርበትን ቁልፍ የመያዝ ፈቃዴ እንደሚነሳ ጨመሩ። በዚህ ሥራ ከወንጀለኞች ብዙ ዓይነት ድርድር ሰምቻለሁ። ሰው አግቶ "በሌላ ሰው ለውጡኝ" ማለትን ግን ከኃላፊ አፍ ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ሻዩን የቀመሱት ወይዘሮ ቲንዴል ናቸውም፣ አይደሉምም አልልም። ዛሬ ስለ አንዱ "አይደለም" ካልኩ፣ ነገ ሠራተኛውን አንድ በአንድ እየጠሩ ይጠይቁኛል፤ ዝም ያልኩበት ሰው ያን ጊዜ ተያዘ ማለት ነው። ጠባቂዎቹ አምነው የነገሩኝ ስማቸው ከእኔ ጋር እንደሚቀበር ቃል ስለገባሁላቸው ነው።

4. ስለዚህ ጽሑፌ ከክሱ እንዲወጣና ወይዘሮ ቲንዴል ከማክሰኞው የዲሲፕሊን ጉባኤ በፊት ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ እጠይቃለሁ። ጉባኤው የግድ ይቀመጣል ከተባለ፣ ቀርቤ ያችን የግርጌ ማስታወሻ ጮክ ብዬ እንዳነብ ይፈቀድልኝ። ካልተፈቀደልኝ ደጅ ቆሜ አነባታለሁ።

ቁልፉ ማታ ማታ በር ላይ ስለሚመለስ በእጄ የለም። የሚንጠለጠልበትን ሰንሰለት ግን፣ አቶ ሬስትሪክ ለመጠየቅ እንዳይደክሙ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁ። ስም አልላክሁም።

ከሰላምታ ጋር፣ እስከ ማክሰኞ መልስዎን የምጠብቅ
(ፊርማ)
ዶ/ር ማልኮም ብሬትዌይት

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ኦድሪ ቲንዴል
ለስኬልቢ ጠባቂዎች ሁሉ፣ በሻይ ክፍላቸው ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ