ሞቲ ጉሉማ ቆሞ እንዲቀር

ጥቅምት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር የአውራጃችን ገዥ
ነቀምቴ

ጉዳዩ፦ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ የሣልሁት አያቴ እንዳይንበረከክ ስለ ማመልከት

ክቡር ሆይ፣

ከዲዴሳ እስከ ጊምቢ እንደ እኔ ቀለም የሚያውቅ ሰው አልተወለደም። ጊምቢ ውስጥ አንድ አለ ይባላል፤ እንግዲያው እስከ ጊምቢ መግቢያ ይሁንልኝ። የጨለለቂ ከተማን የሱቅ ሰሌዳዎች የሠራሁ እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ግን ዘንድሮ በማታ ትምህርት ስለሆነ፣ እስከ ዓምና ጽሑፉን የምገለብጠው እንደ ዛፍና እንደ ላም እያየሁ ነበር።

፩. አያቴ ጉሉማ የኦዳ ሎኔ ሞቲ፣ ማለት ንጉሥ፣ ነበር። የመንግሥት ጦር ሲመጣ ተሽሮ በሰንሰለት ተወሰደ፤ ሬሳውም አልተመለሰም። አባቴ መርጋ በገዛ አባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ አረጀ። ለእኔ የተረፈኝ ብሩሽ ነው፤ እርሱንም የገዛሁት ራሴ ነኝ።

፪. የወረዳችን አዳራሽ በዘውድ በዓል ሊመረቅ ስለሆነ፣ አያቴ እጅ ሲሰጥ ግድግዳው ላይ እንድሥል የአዳራሹ ሹም አቶ መሸሻ አዘዙኝ። ሣልሁ። የእጁን ጦር ያስረክባል፤ ነገር ግን ቆሞ ነው። በልጅነታቸው ከወንዝ ማዶ ሆነው ያዩት የአገራችን ሽማግሌ ኦቦ አዱኛ ቆሞ ነበር ብለው ይምላሉ። ፊቱንም አባቴ እንደ ነገረኝ አድርጌ ሣልሁ። ከሥሩ «ሞቲ ጉሉማ» ብዬ ጻፍሁ፤ ማታ ትምህርት የገባሁት ለእነዚህ ሁለት ቃላት ነው።

፫. አቶ መሸሻ ጽሑፉን በቢላዋ አስፍቀው በምትኩ «አንድ ሽፍታ» አስጻፉበት። ቀጥለውም «አንተ ታፋ፣ እጅ የሰጠ ሰው ተገትሮ አይሣልም፤ አንበርክከው!» አሉኝ። «ጌታዬ፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ አይታጠፍለትም» ብላቸው ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እርሳቸው አልሳቁም። እስከ ሐሙስ ካላንበረከክሁት ሌላ ሠዓሊ አምጥተው እንደሚያንበረክኩት ነግረውኛል።

እኔ ለክቡርነትዎ መሬት ስሜ እጅ እነሣለሁ፤ መስገድ አላስጠላኝም። ያልሰገደን ሰው ከሞተ በኋላ በቀለም ማሰገድ ግን አልሆነልኝም። ስለዚህ ቆሞ እንዲቀር፣ ይህ ካልተቻለም ግድግዳው በሙሉ ኖራ እንዲቀባ ያዙልኝ ዘንድ እለምናለሁ። ኖራውን እኔው እቀባለሁ።

በመጨረሻም፣ በቁጥር ፪ አንድ ውሸት ጽፌአለሁ። አባቴ ስለ ፊቱ የነገረኝ የለም፤ አያቴን ሲወስዱት እርሱ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበር። ኦቦ አዱኛም ከሩቅ ቁመናውን እንጂ ፊቱን አላዩም። ፊቱን የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። ስለዚህ መስተዋት ይዤ የራሴን ፊት ሣልሁ። አቶ መሸሻ እስከ ዛሬ አላወቁብኝም። እኔ ግን ሐሙስ የሚንበረከከው ማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከትልቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ታፋ መርጋ ጉሉማ
ሠዓሊ
(በገዛ እጄ ፈርሜአለሁ)