ሪፉ ዝም ያለ ጊዜ

ሐሙስ፣ ኅዳር 18 ቀን
ከባሕር ምርምር ጣቢያው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ባዶ እግርሽን ሲሚንቶ ላይ ትሄጃለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ፖስታውን ስታዪ መደንገጥሽ አይቀርም፤ በዚህ ዘመን ፖስታ የሚልክ ባንክ ቤትና አባትሽ ብቻ ነው። አትደንግጪ፣ ማንም አልሞተም። በስልክ መልእክት ለምን አልጻፍክልኝም ትዪ ይሆናል። ይህን ሁሉ በአውራ ጣቴ ልጻፍ ብል ጡረታዬ ቀድሞኝ ይደርሳል።

ባለፈው በስልክ ተጣልተን ከተለያየን ወዲህ ደጋግመሽ ደውለሻል። አይቻለሁ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ሳህኑ ሲጠጋ፣ ስምሽ ሲበራና ሲጠፋ፣ ቁጭ ብዬ አየሁት እንጂ አላነሳሁትም። "አባዬ አኩርፏል፣ ቂም ይዞብኛል" ብለሽ እንደምታዝኚ አውቃለሁ። አላኮረፍኩም። ያላነሳሁበትን ምክንያት አንብበሽ ስትጨርሺ ፍረጂኝ። ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም፤ በእንዲህ ያለ ነገር ላጣሽ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ከሪፉ ነው። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን የኮራል ሪፍ፣ ያን ከባሕሩ ሥር ያለውን ነፍስ ያለው የድንጋይ አጥር፣ መቼም አትረሺውም። ልጅ ሆነሽ በጀልባ ወስጄሽ ማዳመጫውን ጆሮሽ ላይ ሳደርግልሽ "አባዬ፣ ባሕሩ ሽንኩርት ይጠብሳል!" ብለሽ ጀልባ ነጂውን በሳቅ ልትገድዪው ነበር። እውነትሽን ነው። ጤነኛ ሪፍ ውስጥ ሽሪምፕ የሚባሉ እልፍ አእላፍ ትናንሽ የባሕር ፍጥረቶች መቀስ የመሰለች አንዲት እጃቸውን እንደ ጣት ሲያስጮኹ፣ ከላይ ሆኖ ለሚያዳምጥ የጋለ ዘይት ነው የሚመስለው። ኮራሉ ሲሞት እነሱም መጠለያ ያጣሉ፣ መንጣጣቱም ይጠፋል። ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ይኸንኑ ነው፤ ማይክሮፎኑን ውኃ ውስጥ እሰዳለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ሪፉ በሕይወት አለ ወይም የለም እላለሁ።

ባለፈው በጋ ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ ኮራሉ በብዙ ቦታ እንደ አጥንት ነጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማይክሮፎኑን ባወረድኩ ቁጥር ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ የሞገዱ ጉርምርምታ ብቻ ቀረ። አለቀስኩ ብልሽ ታምኛለሽ? ጀልባው ላይ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ጀልባ ነጂው ፀሐይ የመታኝ መስሎት አናቴ ላይ ውኃ አፈሰሰብኝ።

ኮምፒውተሩ ግን ከእኔ ጋር አልተስማማም። ድምፁን በሥዕል ሲያሳይ የሽሪምፖቹ ቦታ ላይ ደማቅ ቢጫ ይደረድራል። እኔ ሆዬ መሣሪያው ነው የተበላሸው ብዬ ለጥገና ላክሁት። ጠጋኙ "ጋሼ፣ ምንም አልሆነም" ብሎ መለሰልኝ። ደግሜ ላክሁት። "ከፈለጉ ልስበረውና ልጠግንልዎት" አለኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሪፉ ሞቷል፣ ዓሣ ማስገርን የሚከለክለው ጥበቃ ቢነሳም የሚጎዳ የለም የሚል ሪፖርት መጻፍ ጀመርኩ። ያ ቢላክ ኖሮ መረብ የሚጎትቱት ጀልባዎች በማግስቱ ላዩ ላይ ይሰፍሩበት ነበር።

ሪፖርቱን ሳልጨርስ አዲስ ተመራማሪ መጣችልን። ሹራብ ነው የምላት፤ በዚህ ሙቀት ሹራቧን አውልቃ አታውቅም። አብራኝ ወጣች። ማዳመጫውን ሰጠኋትና "ይኸውልሽ፣ መቃብር" አልኳት። ጆሮዋ ላይ ከማድረጓ መልሳ አወረደችው።

"ኧረ ጋሼ፣ በጣም ጮኸ! ቀነስ ያድርጉት እስቲ።"

"ምኑ ነው የጮኸው?"

"ይሄ የሚንጣጣው ነዋ!"

ተቀብዬ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። ምንም። ለጀልባ ነጂው ሰጠሁት። ጥቂት አዳምጦ "የምን መቃብር ነው? ይሄማ ሠርግ ቤት ነው እንጂ!" አለና ሊስቅ ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። ሹራብም አየችኝ፤ ከዚያ ፊቷን አዙራ ባሕሩን ማየት ጀመረች። ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር።

ሄጄ ጆሮዬን ያሳየሁት ሐኪም "ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው" አለኝ። ወፍራሙ ይቆያል አሉ፤ ሞገዱ፣ ሞተሩ፣ የወንድ ድምፅ። ሰውም ፊት ለፊቴ ቆሞ አፉን እያየሁ ሲያናግረኝ አብዛኛው ይገባኛል። የሄደብኝ ሽሪምፑ ነው፣ ወፉ ነው፣ የማንቆርቆሪያው ፊሽካ ነው። ለካ ያ የእናትሽ ማንቆርቆሪያ አሮ የተበሳው በዚህ ነው። የጠዋት ወፎቹን የጎረቤት ድመት ፈጀቻቸው ብዬ የድመቷን ባለቤት ስንት ጊዜ ሰላም ሳልላት አለፍኩ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት ብቻ የተባለ ይመስለኝ ነበር።

ብቻውን የሚኖር ሰው ጆሮው መድከሙን የሚነግረው የለም። "ኧረ ቴሌቪዥኑን ቀንሰው" የሚለው የለም፤ ከወጥ ቤት ተጣርቶ "አትሰማም እንዴ?" ብሎ የሚቆጣው የለም። እናትሽ ብትኖር በሳምንቱ ትደርስበት ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ጸጥ ያለው በሐዘን መስሎኝ፣ ሰው ሲሄድ ቤት እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ተቀብዬው ኖርኩ። ከፊሉ ጆሮዬ ኖሯል። ከፊሉ ግን እሷው ናት፣ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

እንግዲህ ወደ እኛ ነገር ልምጣ። ስልክ ላይ ድምፅሽ ከሳምንት ሳምንት እየራቀኝ ሲሄድ የራቅሽኝ አንቺ መሰልሽኝ። "ለምንድን ነው የምታንሾካሹኪው? አባትሽን ማናገር ዕዳ ሆነብሽ?" አልኩሽ። ምናልባት እየጮህሽ ነበር። "እንዲህ ከሆነማ ለምን ትደውያለሽ?" አልኩሽ። ከዚያ በአንቺ በኩል ጸጥ አለ፤ ንቀሽኝ ዝም ያልሽ መስሎኝ ዘጋሁት። ሪፉን ሞቷል ያልኩት በዚያው ጆሮ ነው። ዝም አላልሽም ነበር፣ አይደል ልጄ? አልቅሰሽ ከሆነም አልሰማሁም። እግዜር ያውቃል፣ አልሰማሁም።

እውነቱን ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ስልኩን ማንሳት ፈራሁ። ባነሳው ግማሽሽን ሰምቼ ግማሽሽን ልገምት ነው። ስገምት ምን እንደማደርግ አየሽው።

ሪፖርቱን ቀድጄ ጥዬዋለሁ። ለጣቢያው ኃላፊም ሳልሸፋፍን ነገርኳት። ከእንግዲህ ሹራብ ታዳምጣለች፣ እኔ ሥዕሉን አነባለሁ። ሪፉ ተጎድቷል፣ ግን አለ፤ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ ነው የምልሽ። ሆኖም ጀልባው ላይ እነሱ ማዳመጫውን እየተቀባበሉ "ይቺን ስማት! ይቺኛዋን ስሚያት!" ሲባባሉ እኔ ዞር ብዬ ገመድ እጠቀልላለሁ። የተጠቀለለውን ፈትቼ እንደገና የጠቀለልኩበት ቀንም አለ። የጆሮ መሣሪያ ታዞልኛል፤ ባቄላ የምታክል ናት። ሐኪሙ ፊት ለፊት ለሚያናግርዎት ሰው ትረዳዎታለች፣ ለስልክ ግን ብዙ መለማመድ ይጠይቃል ብሎኛል። ነይ ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ ሥራ እንዳለብሽ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ያን ቀን፣ ጠቡ ሳይመጣ በፊት፣ ብዙ ስትነግሪኝ ነበር። ረጅም ነገር ነው፤ መሐል ላይ ቆም እያልሽ፣ ምን ይላል ብለሽ እንደምትጠብቂ ዓይነት። እኔም በቆምሽ ቁጥር "እሺ፣ ጥሩ ነው፣ እሺ" እልሽ ነበር። ልጄ፣ አንድም ቃል አልያዝኩም። ምን ብለሽኝ እንደነበር ጻፊልኝ። ነግሬው ነበር ብለሽ አታሳጥሪው።

በወጣሽበት በገባሽበት ከክፉ ይሰውርሽ፤ ደግ ሰው አያሳጣሽ። የነገርሽኝ ደስታ ከነበረ እንኳን ደስ ያለሽ፣ የኔ ዓለም። ሐዘን ከነበረ አይዞሽ፣ እኔ አባትሽ አለሁ። የትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ ሁለቱንም ጽፌልሻለሁ፤ የሚሆንሽን ውሰጂ።

አባትሽ