ራህመት ለምን ትከተለኛለች

ሰኞ

ዛሬም ቀድማኝ ገብታለች። ራህመትን ማለቴ ነው። ተረኛ አይደለችም፤ የእሷ ምድብ ቀዶ ሕክምና ነው። ሐጂ ሙዘይን አልጋ አጠገብ ጎንበስ ብላ ስታይ ደረስኩባት።

«ትዕግሥት፣ ከተረከዛቸው ሥር ትራስ የምታደርጊው ለምንድን ነው?»

«ፍራሹ እንዳይጫናቸው። እዚያ ጋ ቶሎ ይቆስላል።»

በስልኳ ፎቶ አነሳች። ሐጂን አይደለም፣ ትራሱን። ምን ሊያደርግላት?

አምና አረጋውያን ክፍል ስመደብ «ጡረታ ወጣሽ በይኛ» ያለችኝ ይቺው ራህመት ነች። ያኔ ይህን ክፍል የሚፈልገው አልነበረም። አሁን ከነርሶች አንድ ሰው ተመርጦ ወልቂጤ ሄዶ በአረጋውያን እንክብካቤ ሊሠለጥን ነው። ሲመለስ በሙያው እውቅና ይሰጠዋል፣ ክፍሉንም በኃላፊነት ይይዛል። ማስታወቂያው ተለጥፎ ከተመዘገብኩ ወዲህ ከአጠገቤ አልጠፋ አለች። ወይስ ከዚያም በፊት ጀምራ ነበር? እንጃ።

ደግ ነገር፦ ሐጂ አጥሚት ጠጡ። ተለምነው ነው፣ ግን ጠጡ።

ማክሰኞ

የነርሶች ኃላፊዋ፣ ማትሮናችን ሲስተር አልማዝ፣ ራህመትን ቢሮ አስገብተው በሩን ዘጉ። የሲስተር አልማዝ በር ተዘግቶ አያውቅም። በኮሪደሩ ሳልፍ ድምፃቸው ቀነሰ፤ ወይም መሰለኝ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች። አልቅሳ ሥልጠና ትለምናለች እንዴ? ከተሳካላት ምን ቸገራት።

ሐጂ ዛሬም አልቆም አሉ። እንሴኖ ሱቅ ያላቸው ሰው ናቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጠግኗል፤ ሐኪሙ ይቁሙ ብሏል። ካልቆሙ ጡንቻው ይሟሽሽና ተኝተው ይቀራሉ። ይህን ስነግራቸው እጄን ያዝ አደረጉና «ልጄ፣ ተይኝ። የኔ መቆም አብቅቷል» አሉኝ።

ከዚያ ደግሞ፣ «ያቺ ልጅ ስላንቺ ጠየቀችኝ።»

«ምን ብላ?»

«ሲቆጧት ምን ትመልስልዎታለች ብላ።»

ይኸው። ማስረጃ እየሰበሰበች ነው። በሽተኛ ላይ ጮኸች ልትል ነው። ጮኼ አውቃለሁ? አንድ ቀን ሐጂ ጉሉኮሱን ከእጃቸው ሲነቅሉት ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ከፍ ማለት መጮህ ነው?

ረቡዕ

ለሥልጠናው ሰው የሚመርጡት ገምጋሚዎች መጡ። አንዷ ሴትዮ አልጋው ግርጌ ቆማ እያየች ሐጂን ላቆማቸው ሞከርኩ። የመራመጃውን ብረት አስጠጋሁላቸው፣ በደህናው ጆሯቸው በኩል ሆኜ ለመንኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ራህመት ከየት መጣች ሳልል ጎንበስ ብላ በመስቃንኛ የሆነ ነገር አለቻቸው። እኔ የወልቂጤ ልጅ ነኝ፤ ግማሹ አምልጦኛል። ሐጂ ሳቁ። ከዚያ ብረቱን ያዙና ቆሙ። እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ግን ቆሙ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።

ኮሪደር ላይ ያዝኳት። «ምን አልሻቸው?»

«ሱቅዎን ማን ሊከፍትልዎ ነው የተኙት አልኳቸው።»

«በገምጋሚዎቹ ፊት?»

«ስትጨነቂ አይቼ ነው።»

«ሥልጠናውን ከፈለግሽው ፊት ለፊት ንገሪኝ።»

ቅዳሜ አብሬያት እናቷ ጋ እንሴኖ እንድሄድ ጠየቀችኝ። ለምን ስላት «ስትመጪ ታያለሽ» ብቻ።

ሐሙስ

ለባሌ ነገርኩት። «ምሳ አብልታ ስምሽን ከተመዝጋቢዎቹ እንድታወጪ ልትለምንሽ ነው» አለ። እኔም ያሰብኩት ይህንኑ ነው። ከሰው አፍ ስሰማው ግን ደስ አላለኝም።

ዓርብ

አላናገረችኝም፣ አላናገርኳትም። ሐጂ ደግመው ቆሙ። በእኔ እጅ።

ቅዳሜ

ሄድኩ።

እናቷ እማማ ኸድጃ ይባላሉ። በር ላይ ተቀምጠዋል፣ ራሳቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፍነዋል። ሰላምታዬን ሳይቀበሉ፣

«ሻሼን የወሰድሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ራህመት ደነገጠች። «እማ፣ እንግዳ ናት፤ ዛሬ ገና መምጣቷ ነው።» ይህን ስትል ባሰባቸው። ሌባ አሉኝ፣ ራህመትን ደግሞ የሌባ ጓደኛ።

ቁጭ አልኩ። «ምን ዓይነት ሻሽ ነበር እማማ?»

«አረንጓዴ።»

«አረንጓዴ ያምራል። ማን ገዛልዎት?»

ለአፍታ አሰቡ። ባላቸው ናቸው የገዙላቸው፣ ከቡታጅራ። እየፈለግን አወራን። ሻሹ አልተገኘም፤ እሳቸውም ፍለጋውን ረሱት። ሲደክማቸው አስተኛናቸው፤ ራህመት ከተረከዛቸው ሥር ትራስ አደረገች። ልክ እንደኔ። ከዚያ ወደ ጓሮ ወጥታ ፊቷን ወደ እንሰቱ አዙራ አለቀሰች።

እናቷ ከበራቸው ሲወጡ መንገድ መጥፋት ከጀመረባቸው ቆይቷል አለችኝ። አሁን ብዙውን ቀን ተኝተው ነው የሚውሉት።

«ጎረቤት አበደች እንዳይላት ፈራሁ። ነርስ ሆኜ እናቴን መያዝ አቃተኝ ማለትስ ለማን ይነገራል? አንቺ ሽማግሌዎቹ ሲቆጡሽ የማትቆጪው እንዴት እንደሆነ ማየት ፈለግኩ።»

«ሲስተር አልማዝ ጋስ?»

«ተራዬን እንዲያስተካክሉልኝ ለመንኳቸው። ለሥልጠናው አልተመዘገብኩም። እሷን ጥዬ ወልቂጤ እንዴት እከርማለሁ?»

በመመለሻው ሚኒባስ «ተጠራጥሬሽ ነበር» አልኳት።

«አውቃለሁ። ፊትሽ ላይ ያስታውቃል» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሰኞ

ሲስተር አልማዝ ጠሩኝ። በሩንም ዘጉት።

«ተመርጠሻል» አሉኝ።

ለምን እኔ? ረቡዕ ሐጂን ማቆም አቅቶኝ አልነበረም? ይህን ጠየቅኳቸው። ሰው ሲመረጥ እንዲህ ይጠይቃል? እኔ ጠየቅኩ።

«ገምጋሚዋ እናታችሁን ለማን ትሰጣላችሁ ብላ ነርሶቹን ሁሉ ጠይቃ ነበር። ራህመት ያንቺን ስም ጠራች።»

«ምን ብላ?»

«ትዕግሥት ማንንም አታምንም አለች። ሌላ ሰው ያገላበጠውን በሽተኛ እንደገና ገልጣ ታያለች፣ ክኒኑ መዋጡን አፍ አስከፍታ ታረጋግጣለች። እናቴን እንዲህ ያለ ተጠራጣሪ ይያዝልኝ አለች።»

ተሞገስኩ ወይስ ተሰደብኩ? እስካሁን አልገባኝም። ቢሯቸው ውስጥ ግን እንባዬ መጣ።

እኔ እስክመለስ ክፍሉን ማን እንደሚይዝ ነገሩኝ። ራህመት ነች፤ ራሷ ጠይቃ።

ረቡዕ

ርክክብ። ለራህመት ሁሉንም አሳየኋት፤ ማን በየትኛው ጆሮው እንደሚሰማ፣ ማን ውኃ በትንሽ በትንሹ ካልሆነ ትን እንደሚለው። ሐጂ እስከ በሩ ተራምደው ሸኙኝ። እንሴኖ የሚመለሱት እዚህ ሳልኖር ነው። «ኢንሻ አላህ፣ ሱቄ ትመጫለሽ» አሉኝ። ከልቤ እሺ አልኩ።

ዓርብ፣ ወልቂጤ

በቸሃ በኩል መጣሁ። ጭጋግ ስለነበር ጉዞው ዘገምተኛ ነበር። እህቴ ቤት አርፌያለሁ።

ከአምስት ወረዳ የመጣን ነርሶች ነን። አሠልጣኙ ለምን ይህን ሙያ እንደመረጥን በየተራ ጠየቀን። እኔ መርጬው እንዳልሆነ፣ ተመድቤ እንደሆነ ተናገርኩ። ሰው ሳቀ። አሁን ግን ሌላ ቦታ መድቡኝ እንደማልል ጨመርኩ፤ ያኔ ማንም አልሳቀም።

በምሳ ሰዓት ራህመት ጋ ደወልኩ። አታነሳም። ምን ሆነው ይሆን? የወደቀ ሰው አለ? ወይስ ክፍሉን ትታ ወጥታ ነው?

ከዚያ ራሴን ያዝኩ። እጇ በሥራ ተይዞ ይሆናል። ሰው እያገላበጡ ስልክ አይነሳም፤ እኔም አላነሳም።

ወደ ክፍል ተመለስኩ። ስልኬን ግን አላጠፋሁትም።