ያልደረቀው ኃይሉ

ጥቅምት 11፣ ገንዳ ውሃ

«ፒዲኤፍ ከሆነ ማንም አይነካውም» ስትል ሰማኋት፣ የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ለአንድ ደንበኛዋ። አምኛት የሰሊጥ አጨዳ ጽሑፌን፣ ለድረ ገጹ ጽሑፍ ለሚገዛኝ የአዲስ አበባ ሰው በፒዲኤፍ ላክሁት።

ገዢው ወዲያው ደወለ። «ጋሼ፣ በወርድ ይላኩልኝ፤ ይሄ አልገለበጥ አለኝ።»

«ቃሌን እንዳሻህ ልትለዋውጥ? አልልክም!» አልሁት።

ዛሬ ድረ ገጹ ላይ ወጣ። እኛ አገር የታጨደው ሰሊጥ ታስሮ ቆሞ የሚደርቅበት ክምር ሂላ ይባላል። «ሂላው ሳይደርቅ አይራገፍም» ብዬ ነበር የጻፍሁት። የወጣው ግን «ኃይሉ ሳይደርቅ አይራገፍም» ይላል። ከበላዩ ስሜ በደማቁ ተጽፏል፤ እሱን አልተሳሳቱም።

ሁለት ቀን ሙሉ ሥራቸውን ትተው ስለ አጨዳው ያስረዱኝ ገበሬው አያ ሙላት፣ ጽሑፉ ተነቦላቸው ኖሮ መንገድ ላይ ያዙኝ። «እኔ ስለ ሰሊጥ ነገርሁህ፤ አንተ ሰው ታደርቃለህ? ሁለተኛ ማሳዬ ድርሽ እንዳትል!» ለቀጣዩ ጽሑፍ የማውቀው ሌላ ገበሬ የለኝም።

ገዢው ዘንድ ደወልሁ። ጽሑፌን በምን ሥልጣንህ ነካኸው ብዬ ጮህሁበት።

«አልገለበጥ ሲለኝ ጊዜ ፒዲኤፉን እያየሁ እንደ አዲስ በእጄ ተየብኩት፣ ጋሼ» አለኝ በትሕትና።