የፈጠነው ካሴታችን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን 1979

ግራ ገብቶኛል። የሬጌ ካሴታችን ከወጣ ጀምሮ ገዢው ሁሉ «ካሴቱ ይጎትታል» እያለ ለባለሱቁ ለጋሽ ሸምሱ ሲመልስላቸው ነበር። ዛሬ ከራጉኤል በታች ሱቃቸው ጋ ስደርስ ግን የእኛ ዘፈን በር ላይ ይጮኻል፤ ኩሊዎች ሸክማቸውን አውርደው እስክስታ ይመታሉ። የዘፈንኩት እኔ ነኝ፤ ድምፁ ግን የእህቴን ይመስላል።

«ጋሼ፣ ምን አድርገውት ነው?»

«ታሞ ነበር፣ አዳንኩልህ!» አሉኝ። ለካ ካሴት የሚያባዙበትን ቴፕ ብሎኑን በካቻቢቴ አዙረው አፍጥነውታል።

ሬጌ ሲፈጥረውም ዝግ ያለ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አንዱ ኩሊ ግን ግጥሜን በቃሉ ይዞ ሲዘፍን ሰማሁና ተውኩት።

ከሰዓት ልምምድ ላይ ድራመራችንን «ትንሽ ፈጠን አድርገው» አልኩት። ለምን እንዳልኩት አላውቅም።